መኖ የሚያራግፉትስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኮምቦልቻ ላይ የከብት ድለባው ደርቷል፤ ደስ ይላል። መኖ የሚያራግፉትን ልጆች ግን የሚያነሳቸው የለም። ዝናብ የነካው ድርቆሽ ሲፈታ ግራጫ ብናኝ ቡን ይላል። የሻገተ የፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ጆንያም ያው ነው። ልጆቹ አፍንጫቸውን በሻርፕ ይሸፍናሉ፤ ደቃቁን የሻጋታ ብናኝ ግን ጨርቅ አያስቆመውም። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። «ብርድ መታኝ» ብለው ዝንጅብል ጠጥተው በነጋታው ይመለሳሉ። ሲደጋገም ሳንባ ላይ የማይድን ጠባሳ ሊተው ይችላል። ፋጉሎ ላይ ጉበት የሚጎዳው የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲንም ሊኖር ይችላል። (ወተት ውስጥ ሲገኝ ሁላችንም እንጮኻለን!)

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ደላቢዎች፣ ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ የሻገተውን አስወግዱ። ለልጆቹም ደህና ማስክ ግዙላቸው።

አንድ አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ