ስማችሁን ለማላውቀው የጎንደር ሰዎች

ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ሰው «ምን ሆና ነው?» እያለ ባለቤቴን ስላደከመው እኔው ልንገራችሁ። እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ነበር። ፅንሱ ማህፀን ሳይደርስ እንቁላል ወደ ማህፀን በሚወስደው ቱቦ ላይ ቀረ፣ እዚያው አደገ፣ በመጨረሻ ቱቦውን አፈነዳው። ደሙ ሆድ ውስጥ ስለሚጠራቀም ከውጭ ብዙም አይታይም። ማርገዜንም አላወቅኩም ነበር።

መጀመሪያ የማመሰግነው የጤና ጣቢያዋን አዋላጅ ነርስ ነው። ሆዴን በአንድ ጎን ሲወጋኝ አንድ ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኝቶኝ ነበር። እሷ ግን «ትከሻዬንም ያመኛል፣ ያዞረኛል» ስላት ከወረቀቷ ቀና አለች። «የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?» አለችኝ። የሽንት ምርመራው ውጤት እንደመጣ ሪፈር ጽፋ ብቻ አልሰደደችኝም። ግሉኮስ ሰክታልኝ፣ ሆስፒታል ደውላ፣ «መንገድ ላይ ናት፣ ተዘጋጁ» አለቻቸው። ትከሻና ሆድን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲቆጠቁጠው ሕመሙ ትከሻ ላይ ነው የሚሰማው። ይህን የነገረኝ ኋላ ሐኪሙ ነው።

በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስንት ሐኪም እንዳፈራ ሲወራ እሰማለሁ። እኔ የማውቀው የዚያን ሌሊት ተረኞች ነው። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ «ማህፀኗ ባዶ ነው፣ ሆዷ ግን ደም ይዟል» ሲል ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ይሮጥ ነበር። ሳይፈነዳ ቢደረስበት በመርፌ መድኃኒት የሚድኑ አሉ አሉ። የእኔ ግን ከዚያ አልፎ ነበር፤ ኦፕራሲዮን ሆኜ ቱቦው ወጣ።

ባለቤቴ «ፅንሱን ወደ ማህፀን ማዛወር አይቻልም ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሐኪሙ ሳይስቅበት፣ ሳይቆጣው፣ «ወንድሜ፣ የትም አገር አይቻልም» አለው። ለአማቴም ደግሞ እንስራ በመሸከሜ ወይም ቡዳ በልቶኝ እንዳልሆነ ቁጭ ብሎ አስረዳልኝ። ለዚህች ብቻ እንኳ ዕድሜውን ያርዝመው!

ደም የሰጣችሁኝን ግን እንዴት አድርጌ ላመስግን? ስነቃ ከራሴ በላይ ከረጢቱ ተንጠልጥሎ ነበር። የደም ዓይነትና ቀን እንጂ ስም የለበትም። ጠብ ጠብ ሲል ሳየው አደርኩ። ምናልባት ፒያሳ ድንኳን ውስጥ ክንዱን ዘርግቶ ሲስቅ ያየሁት ተማሪ ነው፣ ምናልባት አንቺ ነሽ ይህን የምታነቢው። ደም እንደ እህል ጎተራ ገብቶ አይከርምም፤ ቢበዛ 42 ቀን ነው። ስለዚህ ያ ደም የተሰጠው በቅርቡ ነው፣ የሰጠውም ሰው እዚሁ አካባቢ አለ ብዬ አስባለሁ። የባለቤቴ ወንድሞች በምትኩ ሰጥተዋል፤ በየሦስት ወሩ እንቀጥላለን ብለው ፎክረዋል። ትንሹ መርፌ ይፈራል፣ እናያለን።

የሰፈሬ እናቶች፣ እናንተንም አልረሳሁም። ልጅ ታቅፌ ባልገባም አጥሚቱን በፔርሙስ ይዛችሁ መጣችሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላችሁኝ። ምን እንደምመልስ ግራ ገብቶኝ አለቀስኩ እንጂ ደስ ብሎኛል። «ሌላ ትወልጃለሽ» ላላችሁኝ ደግሞ፣ ሐኪሙም በቀረው ቱቦ ማርገዝ እንደሚቻል ነግሮኛል። ብቻ የወር አበባ የቀረ ዕለት ቶሎ መጥቼ አልትራሳውንድ እንድነሳ አስጠንቅቆኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ስለሄደ ከአዘዞ እስከ ሆስፒታል ያደረሰን አንድ የባጃጅ ልጅ ነው። ጉድጓድ ሲያይ «እትዬ፣ ጥርስሽን ንከሽ» ይለኝ ነበር። እኛ ስንጣደፍ ሒሳብ ሳይቀበል ሄዷል። የፊት መስታወቱ ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለበት። የምታውቁት ካላችሁ ለባለቤቴ ንገሩት፣ ሒሳቡን አልከፈልንም።