ግግ ትል አይደለም፤ ያልደረሰ ክራንቻ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ ግግ ማስወጣትን፣ ማለትም ተቅማጥ ያመጣል የተባለውን «ትል» ከሕፃኑ ድድ ፈልቅቆ ማውጣትን፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሳችሁ፣ ጉዳቱ ቁስሉ ማመርቀዙ እንደሆነ ገልጻችሁ አልፋችኋል። ማመርቀዙ እውነት ነው። ይህ ምክር ግን ለዓመታት ሲነገር ኖሮ ብዙ ወላጆችን ያላሳመነበት ምክንያት አለ። አውጪው ከድዱ ፈልቅቆ የሚያሳየውን ነጭ ነገር እናትየው በዓይኗ ታያለች፤ «ይኸው ትሉ» ትባላለች፤ በሁለት በሦስት ቀን ደግሞ ተቅማጡ ይቆማል። በዓይኗ ያየችውን «ጎጂ ልማድ ነው» በሚል ቃል ብቻ ማስጣል አይቻልም። ያየችው ምን እንደሆነ ሊነገራት ይገባል።

ያ ነጭ ነገር የወተት ክራንቻ ነው። ጥርስ መሠራት የሚጀምረው ፅንሱ 6 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። የአፉ ሽፋን ወደ ውስጥ ሰርጎ እንደ እንቡጥ ያብጣል፤ እንቡጡ ቀስ በቀስ የቆብ፣ ኋላም የደወል ቅርጽ ይይዛል። በደወሉ የታቀፈው ለስላሳ ሥጋ ውሎ አድሮ የጥርሱ ነርቭና ደም ሥር የሚኖርበት ፐልፕ ይሆናል። በዚህ ሥጋ ዳር የተሰለፉት ሴሎች ዴንቲንን፣ ማለትም የጥርሱን ውስጠኛ ጠንካራ አካል፣ ይሠራሉ፤ ፊት ለፊታቸው ያሉት የደወሉ ሴሎች ኢናሜሉን፣ ማለትም ነጩን ጠንካራ የጥርስ ሽፋን፣ ከላይ ያለብሳሉ። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ዴንቲን በቀን የሚጨምረው አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል የ4ቱን እጅ ያህል ብቻ ነው። የሚጀምረውም ከጥርሱ ጫፍ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ከወተት ክራንቻው ኢናሜል የተሠራው ሲሶው ገደማ ነው። ኢናሜሉ የሚያልቀው ወደ 9 ወር ግድም ሲሆን፣ ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ የሚወጣው በአብዛኛው ከ16 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ በ5 ወሩ የተፈለቀቀ ክራንቻ ጫፉ ላይ ስስ ነጭ ቆብ፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብና ልስልስ ሥጋ ነው ያለው። ትል የሚያስመስለውም ይኸው ነው።

ድዱስ ለምን ያብጣል? ክራንቻ ወፈር ያለና ሹል በመሆኑ፣ የሚያድገውም በድዱ ማዕዘን ላይ ስለሆነ ድዱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የተወጠረ ድድ ደግሞ ነጣ ይላል። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። እናት እጇን በሳሙና ታጥባ ጣቷን በልጇ ድድ ላይ ብታስኬድ እብጠቱን በላይ ቀኝና ግራ፣ በታችም ቀኝና ግራ ታገኘዋለች። በሽታ በአራቱም ማዕዘን እንዲህ ተመጣጥኖ አይበቅልም። ደህና የሆነውን የጎረቤት ሕፃን ብትዳስስም ያንኑ ታገኛለች።

ተቅማጡ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ሕፃኑ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት ይጀምራል፤ 6 ወር ሲሞላው ተጨማሪ ምግብ ይቀምሳል፤ ከእናቱ የወረሰው የመከላከል አቅምም ይቀንሳል። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናው ግን ለአውጪው ይሄዳል።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ከባዱ ጉዳት ቋሚው ክራንቻ ላይ የሚደርሰው ነው። የቋሚው እንቡጥ ከወተቱ ክራንቻ ጀርባ ጠለቅ ብሎ ተቀምጧል፤ መጠንከር የሚጀምረውም ከ4 እስከ 5 ወር፣ ልክ ግግ በሚወጣበት ሰሞን ነው። መርፌው፣ ምላጩ ወይም የብስክሌት ሽቦው እዚያ ከደረሰ ኢናሜል ሠሪዎቹ ሴሎች ይሞታሉ፤ ተተኪ የላቸውም። ዴንቲን ፐልፑ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊጨመር ይችላል፤ ኢናሜል ግን አንዴ ከጎደለ ጎደለ። ጥርሱ ጎድጉዶ ወይም ቢጫና ቡናማ ሆኖ፣ ተጣሞ፣ አንዳንዴም ጭራሹን ሳይበቅል ይቀራል። ይህ የሚታየው ልጁ ከ9 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው ስለሆነ በ5 ወሩ ከተደረገው ጋር የሚያያይዘው የለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይ የታተመ ጥናት የወተት ክራንቻ መጥፋትንና በአካባቢው ጥርሶች ላይ የሚታየውን ጉድለት መዝግቧል። ልማዱ የእኛ ብቻም አይደለም፤ በታንዛኒያ ይህንኑ እንቡጥ «የፕላስቲክ ጥርስ» ይሉታል።

ለተቅማጡ የሚበጀው ሌላ ነው። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጥ፤ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ቅዝን በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይሰጥ፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከረጢቱን በአንድ ብርጭቆ ውኃ በመበጥበጥ ነው፤ እንዲህ የወፈረ ጨው ሕፃኑን ይጎዳዋል። ዚንክ ከ6 ወር በታች 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ጡት አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ግጉ ለወጣ ልጅም የሚደረግ አለ። በወጣበት ሰሞን ትኩሳት፣ የፊት እብጠት ወይም የመንጋጋ መቆለፍ ከታየ አስቸኳይ ነው። ልጁ 10 ዓመት ሲሞላው የላይኛው ክራንቻ እብጠት በድዱ ላይ በጣት ካልተዳሰሰ ራጅ ይነሳ፤ ወላጅም ግግ መውጣቱን ለጥርስ ሐኪሙ ሳያፍር ይንገር።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ለማሳየት የተመቸ ቀን አላቸው፤ የ14 ሳምንቱ ክትባት ግግ አውጪ ከመፈለጉ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ይውላል። እናንተም ጉዳዩን ዳግም ስታነሱት የ5 ወር ሕፃን ድድ ፎቶ ከነአራቱ እብጠት አብራችሁ እንድታወጡልን እንጠይቃለን። ፎቶው የታመመ ሳይሆን የጤነኛ ሕፃን ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሕፃናት ጥርስ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች