ለጣቢያችን የቦርድ ሰብሳቢ፦ ሰው ያላለውን አያስብሉት

ክቡር ሰብሳቢ፣

በውስጥ መስመር የጻፍኩልዎ አቤቱታ ሁሉ «እንደምን ሰነበቱ» ብሎ የሚጀምር፣ «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር» ብሎ የሚያልቅ ነበር። አንዱም መልስ አላገኘ። ዛሬ ሰላምታውን ልዝለለው። ጣቢያውንም እርስዎንም በስም አልጠራም። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ፣ ባልደረቦቼም ያውቁዎታል። ሌላው አንባቢ የራሱን ክልል ጣቢያ ቢያስብ ብዙም አይሳሳት።

ጉዳዩ የማዳበሪያው ዜና ነው።

ሰኔ ነበር። መሬቱ ታርሶ፣ ዘሩ ተዘጋጅቶ፣ ዩሪያ የለም የሚል ስሞታ ከየወረዳው ሲጎርፍ የሄድኩት እኔ ነኝ። የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ደጅ ገበሬው ተሰልፏል፤ ጋቢ ለብሰው እዚያው ያደሩም አሉ። አንድ አባት ማይክ ስሰጣቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦ «ካቻምና በጊዜ ደርሶናል፣ መንግሥት ይመስገን። ዘንድሮ ይኸው ሰኔ ሊወጣ ነው፣ አንዲት ኩንታል አላየንም። ነጋዴ ቤት ሞልቷል፣ እኛ ጋ የለም። ማን እንደሸጠው ይጠየቅልን።»

የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ላይ የወጣው ይህ ነው፦ «በጊዜ ደርሶናል፣ መንግሥት ይመስገን።» አለቀ። ከፊቱ ካቻምና ተቆርጧል፣ ከኋላው ዘንድሮ ተቆርጧል። በላዩ ላይ «ማዳበሪያ በወቅቱ እንደደረሳቸው አርሶ አደሮች ገለጹ» የሚል ንባብ ተጭኖበታል። ንባቡን ያነበበችው ልጅ ጥሬ ቀረጻውን አላየችም፤ እሷን አልወቅስም።

በማግስቱ እኚያ አባት በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» ነው ያሉኝ። ሌሊቱን አብረዋቸው የተሰለፉት ጎረቤቶቻቸው ስንት ተከፈለህ እያሉ ነው። ዕድር ላይ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ልጃቸው ስልኩን ተቀብሎ የተናገረኝን እዚህ መጻፍ አልችልም፣ ልክ ግን ነው።

ማን ቆረጠው ብዬ ጠየቅሁ። የዴስክ ኃላፊዬ ዜናውን እንዳለ አሳልፎት ነበር። «ከላይ ተደውሏል» አለኝ ኮምፒውተሩን እያየ። ላይ ማን እንዳለ እኛ ቤት አይጠየቅም። ክፋቱ ግን እርስዎ ራስዎ ስብሰባ ላይ ነገሩን በአንድ ሐረግ ዘጉት፦ «ኤዲቶሪያል ውሳኔ ነው።»

ይቅርታ ያድርጉልኝና አይደለም። ኤዲቶሪያል ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ በየቀኑ ስለሚቆርጠኝ። አለቃዬ «የግብርና ቢሮው ምን አለ? አንድ ወገን ብቻ ነው ያመጣኸው» ብሎ ዜና ሲመልስብኝ እበሳጫለሁ፣ ግን ልክ ነው፣ እደውላለሁ። ለዚህ ዜናም ደውያለሁ። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ (መቼ ስብሰባ ላይ እንደማይሆኑ የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል)። ዜናው አይወጣም ብትሉኝ ኖሮ እናደድ ነበር፣ ቡና ጠጥቼ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፣ ነገም ለሥራ እገባ ነበር። እኔ የማልውጠው የአንድን ሰው ድምፅ ወስዶ የተገላቢጦሹን ማስባል ነው። ይህን የሚያደርግ ኤዲተር የለም። ይህ ካድሬ መቀስ ሲይዝ የሚሆነው ነገር ነው።

ሕጉን ለእርስዎ ማስተማር አልፈልግም፣ ስብሰባ ላይ ከእኔ በላይ ይጠቅሱታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። እዚያው ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ሳንሱር በአዋጅ የቀረው ከዚያም በፊት ነው፣ በ1985፣ በፕሬስ አዋጁ። የደርጉ ሳንሱር ቢያንስ ቢሮ ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ ማን እንደቆረጠብህ ታውቅ ነበር። የእርስዎ ግን ስልክ ብቻ ነው። የስልክ ትእዛዝ ፊርማ የለው፣ ቀን የለው፣ ነገ ማን አዘዘ ቢባል «ኤዲቶሪያል» ነው መልሱ። ለእኔ የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ ግን «ወቅቱን ያላገናዘበ አዘጋገብ» የሚል ምክንያት ተሰጥቶት ቁጥርም ቀንም ክብ ማኅተምም አለው! ጥያቄ ስላነሳሁ በወረቀት፣ የገበሬው ቃል ሲገለበጥ በስልክ።

አሁን የምሠራው የወርክሾፕ ዜና ነው። መክፈቻ ንግግር፣ መዝጊያ ንግግር፣ በመካከሉ ባነር። እዚያ ማንም አይደውልም።

ደግሞ ሁሌ ገፅታ ግንባታ ይላሉ። ስለ ገፅታ ካነሳን፣ ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አገራችንን በፕሬስ ነፃነት ከ180 አገሮች 110ኛ አድርጓት ነበር፤ ከዓመት በፊት ከነበረችበት 150ኛ በአንዴ 40 ደረጃ ወጥታ፣ ሁላችንም አጨብጭበን። በ2025 ግን 145ኛ ሆነች። ይህን የገነባነው እኛው ነን።

የመንግሥት ጣቢያ ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም እንዳይሉኝ ደግሞ 1997ን ያስታውሱ። የምርጫ ክርክሩ በኢቲቪ በቀጥታ ሲተላለፍ ሰው ሥራውን ጥሎ ካፌ ውስጥ ተደርድሮ ያይ ነበር። ሚኒስትር ፊት ለፊት ሲሞገት፣ ሲያልበው። በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ጋዜጠኞችም ታስረዋል። ግን ያ ወር በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ስቱዲዮ ነው የተላለፈው። ገበሬ ስለ ማዳበሪያ መናገር ከዚያ ይከብዳል? በ2015 እጥረቱ ገበሬውን ባሕር ዳር ድረስ ለሰልፍ ሲያወጣው እኮ ዜና ስላየ አይደለም የወጣው። ማሳውን አይቶ ነው።

እርስዎ የካቢኔ አባል ነዎት፣ የቦርዳችንም ሰብሳቢ ነዎት። ስለ ካቢኔው ሥራ ዜና ስንሠራ የሚጠየቀውም የሚያሳልፈውም አንድ ሰው ይሆናል ማለት ነው። ወደ ላይ አቤት እንበል ስንል ደግሞ ሚያዝያ 2017 የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ ሲሻሻል የተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ሹመት ከፓርላማው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዞረ። የዳኛውን ወንበር እያስጠጋችሁት ነው እንጂ እያራቃችሁት አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የእኚያን አባት ቃል፣ ካቻምናውም ዘንድሮውም ሳይቆረጥ፣ በዚያው በ2 ሰዓት ዜና ላይ አስተላልፉት። ስሙ የተነካ ሰው ማስተካከያ የማግኘት መብቱ ቢያንስ ከ2000ው አዋጅ 590 ጀምሮ በሕጋችን ያለ ነው፣ ችሮታ አይደለም። ቀረጻው ከአርካይቭ ጠፍቷል እንዳይባል ኮፒው እኔ ጋ አለ። ቀጥሎ ዜና ማስቀየር ሲፈልጉ ደግሞ በደብዳቤ ያዙን። ፊርማዎን ያኑሩበት፣ እኔም ተቀብያለሁ ብዬ እፈርማለሁ።

የእኔን ማስጠንቀቂያ ከፈለጋችሁ ፋይሌ ውስጥ ተዉት።

ግልባጭ፦ ለማንም አላደረግሁም። የቀደሙት ግልባጮች የት እንደገቡ አላውቅም።