አባዬ፣ ኪኒኑን በአንዴ ያስጣልኩዎት እኔ ነኝ

አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ፣

እንዴት ነዎት? ጉልበትዎስ ተሻለው? ይሄን የምጽፍልዎ በስልክ ስናወራ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አልሆን ስላለኝ ነው፣ ደሞ እርሶ ስለራስዎ ስጠይቅዎ "እኔ ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?" ብለው ወሬውን ያዞሩብኛል። ስለዚህ በቴሌግራም ለሚጡ ልኬዋለሁ፣ ፊደሉን አጉልታ ትስጥዎትና ራስዎ ያንብቡት። ሰላሳ ምናምን አመት የሰው ልጅ ደብተር ሲያርሙ ኖረው የልጅዎን ደብዳቤ ሌላ ሰው አያነብልዎትም።

መጀመሪያ አውፍ ይበሉኝ አባዬ። ያኔ ለሱብሂ ተነስተው ዉዱእ ሊያደርጉ ቧንቧው ስር የወደቁ ጊዜ ሚጡ እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ፣ ጆጉ ሲንከባለል ሰምታ ነው የነቃችው፣ እርሶ ሲሚንቶው ላይ በጎንዎ ተኝተው "ምንም አልሆንኩም፣ ጋቢውን አንሺልኝ እንዳይረጥብ" ይሏታል። ስብራት የለም አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን የሚወስዱትን መድሃኒት በሙሉ አልጋ ላይ ዘርግታ ፎቶ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት፣ ሥራ ቦታ እረፍት ላይ ሆኜ ስልኬን እያሰፋሁ አንድ በአንድ አነበብኩት። የካኪ ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ ዳያዜፓም 5 ሚሊግራም፣ ማታ ሁለት ፍሬ ይላል። ከጎኑ ለጉልበትዎ ትራማዶል፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ከዛ ደሞ እኔው ራሴ በሰው የላክሁልዎት ማታ የሚወሰድ የሚል የአሜሪካ ማስታገሻ። ደንግጬ ደወልኩና "አባዬ ይሄን የእንቅልፍ ኪኒን፣ ዳያዜፓሙን፣ ዛሬውኑ ይጣሉት፣ እሱ ነው የጣለዎት" አልኩዎት። እርሶም ልጄ ነርስ ናት ብለው ጣሉት።

የተናገርኩት ነገር ውሸት አልነበረም፣ አነጋገሬ ግን ስህተት ነበር። አራት አመት ሙሉ ማታ ማታ የተወሰደ ዳያዜፓም በአንድ ቀን አይቆምም። እኔ ይሄን አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ፣ በየሌሊቱም የምሠራበት ነገር ነው፣ የራሴ አባት ሲሆን ግን ፍርሃቴ ቀደመኝ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት "ይኸው ያለሱም ተኛሁ" ብለውኝ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ነው ሁሉም የመጣው፣ ሚጡ በቪዲዮ ስታሳየኝ የያዙት የቡና ስኒ ማስቀመጫው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሸሚዝዎ በላብ ርሷል፣ በሩ ገጭ ሲል ብድግ ይላሉ፣ ከዛ አላህ ይማራትና እማዬን ኩሽና ውስጥ ድምጿን ሰማሁት አሉ። እኔ እዛች ስክሪን ውስጥ ሆኜ ልነካዎት አልችልም። ሚጡና ጎረቤቶች ሐኪም ቤት ይዘዎት ባይሄዱ ኖሮ የሚጥል ነገር ሊነሳብዎ ይችል ነበር፣ ይሄ መድሃኒት በድንገት ሲቋረጥ እሱንም ያመጣል።

ለምን በስድስተኛው ቀን እንደሆነ ላስረዳዎ፣ ምክንያቱም እርሶ "ከኪኒኑ አይደለም፣ ዕድሜ ነው" ብለዋል አሉ። ዳያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ስንማር በደምሳሳው "ግማሹ ለመውጣት የሰውየውን ዕድሜ ያህል ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ያዙ" ይሉን ነበር፣ እርሶ 74 ነዎት፣ 74 ሰዓት ማለት ሦስት ቀን ነው፣ ጉበት ሲሰባብረው የሚፈጠረው ሌላው ንጥረ ነገር ደሞ ከሱም ይቆያል። ስለዚህ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው እየተደረበ ነበር፣ ለዛ ነው ጠዋት ጠዋት እግርዎ የሚተሳሰረው፣ ስም የሚጠፋብዎት፣ ለሱብሂ ሲነሱ ጭንቅላትዎ ገና ተኝቶ የነበረው። ሲያቆሙትም የተጠራቀመው ለቀናት ሲሸፍንልዎት ቆይቶ ሲያልቅ ነው ሰውነትዎ የደነገጠው። ይሄ የእርሶ ድክመት አይደለም፣ ሱስ ያዘኝ ብለውም አይፈሩ፣ የታዘዘልዎትን ነው የወሰዱት፣ አእምሮ ለለመደው ነገር ጊዜ ይፈልጋል በቃ።

አሁን ሐኪሙ መልሶ ጀምሮልዎት ቀስ እያለ እንደሚቀንስ መናገሩ በጣም ትክክል ነው። እዚህ አሜሪካም በፈረንጆቹ 2025 የወጣው መመሪያ የሚለው እንደዛው ነው፣ ከመጠኑ ላይ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ መቀነስ፣ ቢበዛ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሩብ አይበልጥም። እርሶ ከሁለት ፍሬ ወደ አንድ ተኩል ወረዱ፣ ያ ሩብ ማለት ነው፣ ስለዚህ አንድ ወር እዛው ላይ ይቆዩ ማለቱ ለዚህ ነው። እባክዎን "ደህና ስለሆንኩ" ብለው በራስዎ አይዝለሉ፣ አንድ ሌሊት ሲከፋብዎም አይጨምሩ። ወራት ይፈጅ፣ አመትም ይሁን፣ የሚያስቸኩለን የለም።

ትራማዶሉን ግን ለሐኪሙ ያሳዩት አባዬ፣ ይሄን አጥብቄ ነው የምልዎት፣ ሚጡ አንቺም ስሚ። ትራማዶልና ዳያዜፓም አንድ ላይ ትንፋሽን ያዳክማሉ፣ የአሜሪካ መድሃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2016 ስለ ሁለቱ ዓይነት መድሃኒቶች መደራረብ ከባዱን ማስጠንቀቂያ በየማሸጊያው እንዲጻፍ አድርጓል። አሁን ደሞ ለጭንቀቱ ሰርትራሊን ተጀምሮልዎታል፣ ትራማዶል ከሱም ጋር አይስማማም። ግን እሱንም በየቀኑ ሲወስዱት የኖሩት ነገር ነው፣ በራስዎ አይጣሉት፣ ሐኪሙ እንዴት እንደሚቆም ይንገርዎ፣ እኔ ሁለተኛ በስልክ "ይጣሉት" አልልም። እኔ የላክሁትን ብቻ፣ የተወሰነ ጊዜ ነው የወሰዱት አለችኝ ሚጡ፣ ለሐኪሙ ስሙን ነግራችሁት ከቤት ይውጣ። ውስጡ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የሚያስተኛ መድሃኒት አለው፣ ለሽማግሌ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያዘባርቃል። ለአረጋውያን አይመከሩም ከሚባሉት ዝርዝር ላይ ከነ ዳያዜፓም ጋር አብሮ ያለ ነው፣ እኔ ግን "አባዬ እንዲተኛ" ብዬ በፍቅር ገዝቼ ላክሁት። ከዚህ ሰው ሲመጣ መድሃኒት ከመላክ ወፍራም ካልሲ እልክልዎታለሁ።

የምሠራበትን የአረጋውያን ቤት ትንሽ ልንገርዎ። ሺፍት ስንቀያየር እኔና የምተካት ነርስ ሆነን የተቆለፈውን መሳቢያ ከፍተን እንዲህ ያሉትን ኪኒኖች አንድ በአንድ ነው የምንቆጥረው፣ አንዷ ትቆጥራለች አንዷ መዝገቡን ታያለች፣ አንድ ፍሬ ካነሰ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። "ሲያስፈልግ ስጡ" ተብሎ የታዘዘ የማረጋጊያ መድሃኒት ደሞ ከ14 ቀን በኋላ ሐኪሙ ምክንያቱን ካልጻፈ ይቆማል። መጀመሪያ ስቀጠር ይሄ ሁሉ ወረቀት ያናድደኝ ነበር፣ አሁን የእርሶ ፖስታ ላይ "ማታ ሁለት ፍሬ" ከሚለው ሌላ እስከ መቼ እንደሆነ ምንም እንደማይል ሳይ ገባኝ።

ዘጠና ያለፋቸው አንዲት እናት አሉ፣ በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ "ሰው ገባ" ብለው ይጮሁ ነበር። ኪኒን መስጠት እችል ነበር፣ ታዟል። አንድ ሌሊት ግን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ለካ ያን ሰዓት ጽዳት ሠራተኛው ኮሪደሩን ሲያልፍ በበሩ ክፍተት የሚገባው ብርሃን ፊታቸው ላይ ጥላ ይጥላል። በሩን ዘጋን፣ ከመተኛታቸው በፊት ሽንት ቤት ወሰድናቸው፣ እግራቸው በረዶ ነበር ካልሲ አደረግንላቸው፣ እጃቸውን ይዤ አስር ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሁሉ ሌሊት አልተኙም፣ አንዳንዴ ኪኒኑንም ሰጥቻለሁ፣ ግን ጩኸቱ ቀነሰ። እዛ ወንበር ላይ ስቀመጥ ስንቴ እርሶን እንዳሰብኩ።

ስለዚህ ሚጡ፣ አንቺ አሁን የሌሊት ነርስ ነሽና ይሄን ያዢ። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን ከዒሻ በኋላ እንደሚወስደው ነግረሽኛል፣ እሱ እኮ ሽንት የሚያሸና ነው፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚያስነሳው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ጠዋት ይዙር ወይ ብለሽ ሐኪሙን ጠይቂ። ሰርትራሊን ከሱ ጋር ሲሆን ደም ውስጥ ያለውን ጨው (ሶዲየም) ሊያወርድ ስለሚችል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመርመር፣ ድንገት ከዘባረቀ ወይ ከደነዘዘ ቀጠሮ አትጠብቂ። አንድ ደብተር ግዢ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንቴ ተነሳ፣ ምን ወሰደ፣ ስንት ፍሬ ቀረ፣ ይኸው ነው። የዉዱእ ውሃ ሞቅ አድርገሽ በፔርሙስ ቤት ውስጥ አስቀምጪለት፣ ወንበርም ይኑረው፣ መብራት ሲጠፋ የምትበራ ባትሪ ትራሱ ጋ። አባዬ፣ ሲነቁ አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ ከዛ ይነሱ፣ ለሽንትም ፖፖ አልጋው ስር ትሁን፣ አይፈሩባት፣ ከግቢው ብርድ ትሻላለች።

ሌላው ቡና። የዐስር ሶላቱ ቡና እስከ በረካ ነው እርሶ ጋ፣ አውቃለሁ ዱዓው ያለው እዛ ላይ ነው፣ ጎረቤት የሚሰበሰበውም ያን ሰዓት ነው። ዱዓው ይቀጥል፣ ይሰብሰቡ፣ የእርሶ ስኒ ላይ ግን ከዙህር በኋላ የቀረፋ ውሃ ይቀዳበት። ቡና ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ በሽማግሌ ሊበልጥ ይችላል፣ ዐስር ላይ ሦስት ስኒ ጠጥተው ከዒሻ በኋላ እንቅልፍ ለምን እምቢ አለኝ ማለት አይቻልም። የቀን እንቅልፍዎ፣ ቀይሉላው፣ ግማሽ ሰዓት ትሁን። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ደጅ ይውጡ፣ ማታ ደሞ እንቅልፍ እምቢ ካለ አልጋ ላይ አይገላበጡ፣ ሃያ ደቂቃ ካለፈ ተነስተው ጋቢዎን ደርበው ወንበሩ ላይ ዚክር ያድርጉ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋዎት ይመለሱ። ጠዋት ግን ሌሊቱ ምንም ይሁን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። ቀላል ይመስላል፣ እዚህ ግን ሐኪሞች ከኪኒን በፊት የሚያስቀድሙት ይሄንን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳል፣ አልዋሽዎትም።

እማዬ አላህ ይማራትና "ትንፋሹ ሲቆም እቀሰቅሰዋለሁ" ትል የነበረውን ያስታውሳሉ? እኛ እንስቅባት ነበር። ከእንቅልፍ ጋር የሚመጣ የትንፋሽ መቋረጥ የሚባል በሽታ አለ፣ የእንቅልፍ ኪኒን ደሞ ያባብሰዋል። ይሄንንም ለሐኪሙ ይንገሩት፣ አሁን የሚቀሰቅስዎ የለም።

የመጨረሻውን ለመጻፍ ትንሽ ፈርቼ ነበር። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ በጦርነቱ ስልክ ጠፍቶ አምስት ሳምንት ድምፅዎን ሳልሰማ ቆየሁ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲደውሉ "ደህና ነን" ብቻ አሉኝ፣ ከዛ ወዲህ ምን እንዳዩ ነግረውኝ አያውቁም። ኪኒኑ የተጀመረው ያኔ ነው፣ በር ሲንኳኳ የሚባንኑትም ከዛ ወዲህ ነው። ለኔ አይንገሩኝ፣ ልጅ ስለሆንኩ ይከብድዎታል፣ ለሐኪሙ ግን ይንገሩት። ኢማን ያለው ሰው አይጨነቅም ብለዋል፣ እኔ ልጅ ሆኜ ታይፎይድ ሲይዘኝ እርሶ ራስዎ ቁርኣን እየቀሩብኝ በጀርባዎ አዝለው ክሊኒክ ወስደውኝ የለ? ሰርትራሊኑ ሥራ ለመጀመር ሳምንታት ይወስዳል፣ እስከ ስድስት፣ መጀመሪያ ላይ ሊያቅለሸልሽ፣ መረበሽም ሊጨምር ይችላል፣ "አልተስማማኝም" ብለው ከማቆምዎ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉለት።

እና አባዬ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ሆነው አይዎታለሁ፣ ያኔ እዚህ ገና ማታ ነው፣ ዩኒፎርሜን እየለበስኩ ነው የምሆነው። እኔ አልደውልም፣ ተኝተው ከሆነ እንዳልቀሰቅስዎ። ነቅተው ከሆነ ግን አንዲት ነጥብም ብትሆን ይላኩልኝ፣ ወዲያው እደውላለሁ፣ መኪና ውስጥ ሥራ እስክደርስ እናወራለን።

ልጅዎ