«ጠፋብኝ ብለው ይጻፉ»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሐምሌ በመጣ ቁጥር ጋዜጣችሁ ላይ የማነበው አንድ ዜና አለ። የእገሌ ክልል ፖሊስ ኮሚሽን የዓመቱን ሥራውን ገመገመ፣ ወንጀል ከአምናው በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ ይላል። የክልሉ ስምና መቶኛው ይቀያየራል እንጂ ዜናው ያው ነው። ድሮ ሳነበው ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን መቶኛውን ሳይ ትዝ የሚለኝ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ እስክሪብቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴን ልጠይቅ ወደ ተወለድኩባት ከተማ ሄድኩ። ከተማዋንም ጣቢያውንም አልጠራም። ከመናኸሪያ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ሁለት ጎረምሶች መጡ። አንዱ ሰዓት ጠየቀኝ። ሌላው ቦርሳዬን መንትፎ ሮጠ። በዚህ ዘመን፣ ሁሉም ሰው ሞባይል ይዞ፣ ማን ሰዓት ይጠይቃል? እኔ ግን ብዙ ዓመት ውጭ የኖርኩ ፋራ ነኝና ቆሜ ሰዓት ነገርኩት።

ቦርሳው ውስጥ ስልክ፣ ጥቂት ብርና ቢጫ ካርዴ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬ) ነበሩ። የስልኩንና የብሩን ነገር ወዲያው ተውኩት። ለቢጫ ካርዱ ግን የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልግሃል ስለተባልኩ ጣቢያ ሄድኩ። ያገኘሁት ፖሊስ፣ እውነት ለመናገር፣ ደግ ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኝ። «አይዞዎት» አለኝ። ቃሌን መስጠት ስጀምር ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ተሰረቅኩ ካሉ መዝገብ ይከፈታል፣ ምርመራ አለው፣ ይመላለሳሉ። ጠፋብኝ ብለው ይጻፉ፤ አሁኑኑ ማስረጃዎን ይዘው ይሄዳሉ።»

ጻፍኩ። የምመለስበት ቀን ደርሶ ነበር። ማስረጃው ማኅተም ተመትቶበት በእጄ ገባ። እናቴም «ዋናው ነፍስህ ነው ልጄ» ብላ ዘጋችው።

በኋላ ግን አውሮፕላን ላይ ሆኜ ሳስበው ከነከነኝ። በዚያ ቀን ከተማችን ውስጥ አንድ ቅሚያ ተፈጽሟል። በመዝገቡ ላይ ግን አንድ ዝርክርክ ሰውዬ ቦርሳውን ጣለ እንጂ የቀማ የለም። እንግዲህ የሐምሌው መቶኛ ሲወጣ እኔም ከ«ቀነሱት» መካከል ነኝ ማለት ነው። የኔ ቢጤስ ስንት ይሆን?

ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 22 ላይ ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ መመርመር እንዳለበት ይናገራል። የቀረበለት ክስ ወይም አቤቱታ አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ሥራውን እንዲሠራ ያዛል። የኔ ጉዳይ ደግሞ አጠራጣሪም አልነበረም፤ አድካሚ ብቻ ነው።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ነው። አውቶቡስ እነዳለሁ። ታሪኩን ለዘመድ ስናገር ሁሉም «እናንተ ጋማ ፖሊሱ የተባረከ ነው» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። ምክንያቱም ትልቁ የ«ጠፋብኝ» ታሪክ የተፈጸመው እዚሁ እኛ ጋ ነው።

የታላቋ ማንችስተር ፖሊስ ወደ 2.8 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ያገለግላል። በእኛ አነጋገር የክልል ፖሊስ በሉት። እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስን የሚመረምር፣ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ። ሰዎቹ መጥተው የሕዝቡን አቤቱታዎች ናሙና ወሰዱና ከወንጀል መዝገቡ ጋር አስተያዩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ያወጡት ሪፖርት ጉድ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ 80,000 ያህል ወንጀል ሳይመዘገብ ቀርቷል። በቀን ወደ 220 ማለት ነው። ሰዉ ደውሎ፣ ተናግሮ፣ ከአምስት ወንጀል አንዱ ወረቀት ላይ አልደረሰም። ከአካላዊ ጥቃትና ከመሳሰሉት ደግሞ ከአራቱ አንዱ በላይ ቀርቷል። ከሁሉም በላይ የተጎዱት ቤታቸው ውስጥ የሚደበደቡ ሰዎች ነበሩ። የኔ ቦርሳ ቢቀር ቦርሳ ነው። ባሏ የደበደባት ሴት ደውላ ሳትመዘገብ ስትቀር ግን ወደዚያው ቤት ነው የምትመለሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ፖሊሱ በልዩ ክትትል ሥር ገባ። ዋና አዛዡ ኢያን ሆፕኪንስ በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቁ። በግንቦት 2021 ስቲቨን ዋትሰን የሚባሉ አዛዥ መጡ። ቤቱ ለተዘረፈ ሰው ሁሉ ፖሊስ እንዲሄድለት ቃል ገቡ። ልዩ ክትትሉ በጥቅምት 2022 ተነሣ። በመሃል ግን የወንጀል ቁጥሩ ምን ሆነ? ጨመረ! ሌባው ስለበዛ አይደለም። መጻፍ ስለተጀመረ ነው። በእኛ አገር ግምገማ ቢሆን ዋትሰን በመጀመሪያው ሐምሌ ይባረሩ ነበር።

ስለ ማንችስተር አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢያሳፍረኝም። ስትሬንጅዌይስ ከሚባለው ትልቅ እስር ቤት አጠገብ ቤሪ ኒው ሮድ የሚባል መንገድ አለ። ለብዙ ዓመታት ፎርጅድ ልብስ፣ ጫማና ሰዓት በግላጭ ይሸጥበት ነበር። በእስር ቤቱ ግንብ ሥር ማለቴ ነው! እኔም አንድ ጃኬት ገዝቼበታለሁ፣ ዚፑ በሁለት ሳምንት ተነቀለ። ለፖሊስ ደውሎ «ፎርጅድ ሸጡልኝ» የሚል ገዢ ስለሌለ በቁጥር ሲታይ ሰላማዊ መንገድ ሊመስል ይችላል። ሁሉም ሰው ግን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ልዩ ዘመቻ ተከፍቶ ከ200 በላይ ሱቆች ተዘጉ። አሁን ሳልፍበት ጭር ብሏል።

እንዲህ ስል እነሱ መላእክት ሆኑ ማለቴ አይደለም። በ2024 ደግሞ በዚሁ ፖሊስ ማረፊያ ቤት ሴቶች እንዴት እንደተያዙ የሚያጋልጥ ሌላ ሪፖርት ወጣ፤ ይቅርታም ተጠየቀ። ልዩነቱ ጉዱን የሚያወጣው ሌላ ሰው መሆኑ ላይ ነው። እኛ ጋ ሪፖርቱን የሚጽፈውም፣ የሚያነበውም፣ «ውጤታማ ነበርን» የሚለውም ያው ኮሚሽኑ ነው። ራሱ ተፈታኝ፣ ራሱ ፈታኝ።

የእኛ አገር ፖሊስ ችግር ይገባኛል። ደመወዙን አውቃለሁ። ተበዳይ በራሱ ብር ባጃጅ ተከራይቶ ፖሊሱን ወደ ቦታው ሲወስድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጦርነት ባለበት አካባቢ ስለ ሞባይል ነጠቃ ማውራትም ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ያ ደግ ልጅ እስክሪብቶውን ያስቀመጠው በነዳጅ እጦት አይደለም። ያልተከፈተ መዝገብ አያስጠይቅም። የተከፈተና ያልተዘጋ መዝገብ ግን ያስጠይቃል። እሱም የሚሠራው በሚገመገምበት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ ማደራጀትን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ ኮሚሽኑን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቀው የክልሉ ምክር ቤት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በፖሊስ ቁጥር ብቻ ሳይወሰኑ ብዙ ሺህ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄደው «ባለፈው ዓመት ምን ደረሰባችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ያ ብር ይፈጃል፣ ይቆየን። እኔ የምጠይቀው ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሐምሌ «ወንጀል ቀንሷል» ሲባል ከምክር ቤት አባላቱ አንዱ፣ ወይም ከእናንተ ዘጋቢዎች አንዱ፣ እጁን አውጥቶ ይህን ይጠይቅልኝ፦ በዓመቱ ስንት «ጠፋብኝ» የሚል ማስረጃ ሰጣችሁ? ከአምናውስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

የኔው ኮፒ ከነማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከተፈለገ እልካለሁ።

ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል
ከማንችስተር