ግልጽ ደብዳቤ፦ ሶኬቱ እሳት የሚችለው በምን ተቀምሞ ነው?

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

በድሬዳዋ ገበያዎች የኮረንቲ መስመር ስዘረጋ የኖርኩ ባለሙያ ነኝ። በቅርቡ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ ከአንዲት ሱቅ የቀለጠ ዲቫይደር ነቀልኩ። እሳት አልተነሣም፣ ተመስገን። ጭሱ ግን ባለሱቋን ቀናት ሙሉ ሲያስላት ሰነበተ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በድሬ ሙቀት፣ መውጫው አንድ በር ብቻ በሆነበት ሱቅ፣ ከነበልባሉ ይልቅ የምፈራው ይህንኑ ጭስ ነው።

የገመዶቻችን ልባስ በአብዛኛው ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቶሎ የማይቀጣጠለው በውስጡ ባለው ክሎሪን ምክንያት ነው፤ ያው ክሎሪን ሲነድ ሳንባ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ይሆናል። በሌሎች ፕላስቲኮች ላይ ደግሞ እሳት እንዲቋቋሙ ብሮሚን ያለባቸው ቅመሞች ይጨመሩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ዴካ ቢዲኢ ነው። አገራችን አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት በ2017 እ.ኤ.አ. በሚወገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። አሮጌው ዕቃ ግን አልጠፋም። ቆራሌው የሰበሰበው ገመድ መዳቡ እንዲወጣ ሜዳ ላይ ሲነድ ሽታው ሰፈር ያዳርሳል፤ እንዲህ ካለው ጭስ ዳዮክሲን የሚባለው መርዝም ይወጣል።

ሌላ መንገድ አለ። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ለጨጓራ ቃር በምንውጠው መድኃኒት ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ተቀላቅሎ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉን በውሃ እንፋሎትነት ይለቅቃል፤ እሳቱን ያቀዘቅዛል፣ ጭሱንም ይቀንሳል። ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድም እንዲሁ፣ ከፍ ባለ ሙቀት። ጉድለቱንም ልናገር፦ ከፕላስቲኩ ክብደት ግማሽና ከዚያ በላይ መጨመር ስላለበት ገመዱ ይከብዳል፣ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ስለዚህ ፒቪሲን ነገ አግዱ አልልም፤ ትንሹን ነጋዴ ነው የሚጎዳው።

የምለምነው ይህን ነው። አስመጪ «አይነድም» የሚል ወረቀት ሲያቀርብ «ሲነድስ ምን ያወጣል?» ብላችሁ ጠይቁት። የጭስና የአሲድ ጋዝ መፈተኛ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃዎች አሉ፤ ለጭስ አይኢሲ 61034፣ ለአሲድ ጋዝ አይኢሲ 60754። ገበያ አዳራሽ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚገባ ገመድ የእነዚህ ውጤት ግዴታ ይሁን፤ መኖሪያ ቤቱ ቀስ ብሎ ይደረስበታል።

የቀለጠውን ዲቫይደር አልጣልኩትም፣ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ለምርመራ ከፈለጋችሁት ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ ኤሌክትሪሽያን