ንጋቱን አትቁረጪው ያልኩሽ ነገር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው። እሑድ ዕለት በስልክ «ንጋቱ ለግድግዳዬ ረዝሞብኛል፣ ቆርጬ በመስታወት ላስገባው ነው» ስትይኝ ጮኼብሻለሁ። «አትቁረጪው!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚያ ከዛፍ ልጥ ስለተሠራ የቶንጋ ጨርቅ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ ነገር አለና ልጻፍልሽ።

አባትሽ ሲያርፍ አንቺ ገና ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከመጣን ብዙም አልቆየንም፤ የምናውቀው ሀበሻ በጣት የሚቆጠር ነው። በማግስቱ ማለዳ ከሁሉም ቀድመው በራችንን ያንኳኩት ከፓስፊክ ደሴቶች ከቶንጋ የመጡት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ ሰፋፊ ሰሌን ታጥቀው፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘውት አንድ ረጅም ቡናማ ነገር አስገቡ። ሳሎናችን አልበቃውም፣ ጫፉ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። አንቺ «እማማ» የምትያት ጎረቤታችን እጄን ይዛ ወደ መሬት እያሳየች «ንጋቱ» አለችኝ። የጨርቁ ስም እንደሆነ በምን ልወቅ? በዚያ ጨለማ ውስጥ በቋንቋዬ ያጽናናችኝ ነበር የመሰለኝ። ሳላለቅስ የዋልኩት ሴትዮ ያኔ ነው እንባዬ የወረደው።

አርባው ሲወጣ ንጋቱን አጣጥፌ ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥኩት። ወፍራም ወረቀት፣ የወለል ንጣፍ ነገር ነበር የመሰለኝ። የዚህ አገር ክረምት እርጥበቱን ታውቂዋለሽ። ከሁለት ዓመት በኋላ እማማ መሰላል ልትዋስ ገብታ አየችው፤ እጥፋቱ ላይ ሻጋታ ይዞ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ተሸክማው ሄደች። በበጋው ፀሐይ አሰጥታ፣ በደረቅ ብሩሽ ጠርጋ፣ በትልቅ የካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ከቤት ስትወጪ የሰጠሁሽ እሱን ነው። ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ዝም ያልኩሽ፣ የኔ ጥፋት ስለሆነ ነው።

የሚገርምሽ፣ ይህ ጨርቅ ፈትል የለው፣ ሸማኔ የለው። እናቴ አንድ ጋቢ ለማድረስ ስንት ወር እንደምትፈትል አይቼ ስላደግሁ፣ ያለ ክር የሚሠራ ጨርቅ አለ ብትይኝ አላምንም ነበር። የሚሠራው ከዛፍ ልጥ ነው፤ ዛፉን ቶንጋዎች ሂያፖ ይሉታል። የሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው ዛፍ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፣ ከእኛ ሾላና ዋርካም ጋር ዘሩ ይገናኛል። ሲያድግ ጎን ለጎን የሚያወጣውን ቀንበጥ ቶሎ ቶሎ ይቀነጥሱለታል፤ ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ ኋላ ጨርቁ ላይ ቀዳዳ ይሆናልና። ግንዱ ገና ቀጭን ሳለ ይቆረጥና ልጡ ይገፈፋል። ውጪኛው ቅርፊት ይፋቃል፣ ነጩ የውስጥ ልጥ ውኃ ውስጥ ይነከራል። እኛ «ልጡ የተራሰ፣ መቃብሩ የተማሰ» የምንለው ለሞት ነው፤ እነሱ ልጥ የሚያርሱት ለሠርጉም፣ ለልደቱም፣ ለንግሡም ነው። ከዚያ ከመሬት ከፍ ብሎ በተቀመጠ ግንድ ላይ ዘርግተው፣ ኢኬ በሚባል ባለአራት ማዕዘን እንጨት ይወቅጡታል፤ መጀመሪያ ቦይ ባለው ጎኑ፣ መጨረሻ በለስላሳው። ጥቂት ጣት ብቻ የነበረ ልጥ ወደ ክንድ ገደማ ይሰፋል። ቶንጋ ውስጥ ድምፁ ከመንደር መንደር ይሰማ ነበር ትላለች እማማ፤ እናቷን የምታስታውሳት በዚያ ድምፅ ነው።

አንድ ቅዳሜ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ወሰደችኝ። በረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ሴቶች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ኩፔሲ የሚባል፣ ጌጡ በኮኮናት ቅጠል ጅማት ጎላ ብሎ የወጣ ሰሌዳ ታስሯል። የተወቀጠው ልጥ ሁለት ንብርብር ሆኖ ከላዩ ይነጠፋል፣ ሙጫው የተቀቀለ ሥራ ሥር ነው። ከዚያ በኮካ ዛፍ ቅርፊት ቡናማ ቀለም የተነከረ እራፊ ይዘው ያሹታል። ስታሺው ከሥር ያለው ኩፔሲ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። እኔም እራፊ ተሰጠኝ። መዳፌ ስር መጀመሪያ አንድ መስመር፣ ከዚያ ቅጠል፣ ከዚያ ሙሉ አበባ ሲወጣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ቀለሙ እርጥብ አፈርና ሻይ ቅጠል ይሸታል፤ ለሦስት ቀን ከጥፍሬ አልለቀቀም። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ጨርቁን ወደፊት ይገፉና ይቀጥላሉ። ደቦ ነው፤ ዘፈን አለው፣ ሐሜትም አለው። ልጡ እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ አንዱን ንብርብር ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ በሚያስገቡት ጨርቅ ተክተውታል። «ይሄ እውነተኛ አይደለም» የሚል ሰው አለ፤ እኔ አልስማማም። እጃቸውን አይቻለሁ።

ይህ ዛፍ የፓስፊክ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረ መል ጥናት ሥሩን እስከ ደቡብ ታይዋን ድረስ አግኝቶታል። ደሴቶቹ ላይ ያለው ዛፍ ከሞላ ጎደል ሴቴ ስለሆነ ራሱን በዘር አይተካም፤ ሰው ቁራጩን በታንኳ ተሸክሞ፣ የጨው ውኃ እንዳይነካው ተጠንቅቆ፣ ከደሴት ደሴት እየተከለው ነው የሄደው። ቶንጋ ከ2800 ዓመት ገደማ በፊት በሰው ተይዛለች። የጨርቁም ስም በየደረሰበት ተለዋወጠ፦ ሳሞአ ሲያፖ፣ ፊጂ ማሲ፣ ሃዋይ ካፓ፤ ፈረንጆቹ ሁሉንም ጠቅልለው ታፓ አሉት። ወደዚህ ወደ እኛዋ ኒውዚላንድም የአገሩ ነባር ሰዎች ማኦሪዎች አምጥተውት ነበር፤ ብርዱ አላፈናፈነውም። የእንግሊዙ መርከበኛ ካፒቴን ኩክ በ1769 ሲመጣ ጥቂት እግር ዛፍ ብቻ ነው የታየው። ሃዋይ ላይ ደግሞ ማዊ የተባለው ጀግና ፀሐይን በገመድ አስሮ ያዘገያት፣ የእናቱ የሂና ካፓ ሳይደርቅ እየመሸ ስላስቸገራት ነው ይላሉ። ለእናቱ ልብስ ማድረቂያ ብሎ ፀሐይን የሚያስር ልጅ!

አሁን ወደ መቁረጡ ልምጣ። የኩክ መርከበኞች ብዙ ታፓ ይዘው ተመለሱ። በ1787 አሌክሳንደር ሾው የሚባል የለንደን ሰው ያንን እየቆራረጠ በመጽሐፍ መልክ ጠረዘው፣ ገጹ ሁሉ የጨርቅ ናሙና ነው። ዛሬ ቤተ መጻሕፍት እንደ ወርቅ ይጠብቁታል፤ ለዕውቀት ጠቅሟል፣ አልክድም። ግን የማን ሠርግ፣ የማን ቀብር ላይ ተነጥፎ እንደነበር ከቁራጩ ማን ያውቃል? በስልክ ያስጮኸኝ ይሄ ነው።

ጥጥ ጨርቅ በመርከብ ሲመጣ ታሂቲና ሃዋይ መውቀጡን ተዉት፤ ሃዋይ ላይ እንደገና የተነሣው በ1970ዎቹ፣ ያረጁ ቁራጮችን እያዩ በተማሩ ሰዎች ነው። ቶንጋ ግን አልተወችውም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሚለበስ ብቻ ቢሆን እዚያም ይቀር ነበር። ስጦታ ስለሆነ ነው የቆየው። ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም፣ ሬሳ አይሸኝም። አንቺ ባለሽበት ዌሊንግተን፣ ቴ ፓፓ ሙዚየም ውስጥ 22 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ላውኒማ የሚባል ንጋቱ አለ። ለእንግሊዟ ኤልሳቤጥ የ1953 ዘውድ መታሰቢያ የተሠራ ነው። የቶንጋዋ ንግሥት ሳሎቴ በ1965 እዚሁ ኦክላንድ ሲያርፉ፣ አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ሲመለስ ያ ላውኒማ አብሮ ሄደ። ለደስታ የተሠራው ለኀዘን ዋለ፤ ማንም ነውር አላለውም።

ትናንት እማማ ጋ ሄጄ አንቺ ልትቆርጪው እንደሆነ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «ጠርዙን አላየሽም?» አለችኝ። ከዳር እስከ ዳር በእኩል ርቀት መስመር አለው፤ አንዱ ክፍል ላንጋንጋ ይባላል፣ በቁጥር ምልክት የተደረገበትም አለ። ላውኒማ የሚባለው 50 ላንጋንጋ ነው። ለምን ይመስልሻል? እየቆረጡ ለመስጠት! ሠርግ ላይ የተቀበለ ሰው ግማሹን ለእህቱ ልጅ፣ ሩቡን ለለቅሶ ያውለዋል። የአባትሽም ንጋቱ እሷ ጋ ሲደርስ ከሌላ ረጅም የተቆረጠ ነበር፤ ሌላው ወገን የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነው የተነጠፈው። ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ መቁረጡን ቁረጪው። ግን ብቻሽን አይደለም፣ በመስመሩ ላይ እንጂ በግድግዳሽ ልክ አይደለም። ለፋሲካ ስትመጪ ይዘሽው ነይ፤ መቀሱን እማማ ትይዛለች። አንዱን ላንጋንጋ ለራስሽ፣ ያንን የሻገተውን ጥግ ለኔ። የቀረውን እሷ ጋ እንተወዋለን፤ በሚያዝያ የልጅ ልጇ ታገባለች። እስከዚያ አታጣጥፊው፣ በቱቦው ጠቅልይው፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳም አርቂው።

እናትሽ